አለቃችንን በምን እንለካለን?

(በሒሳብ ሥራ ላይ የተሰማራን አባላት በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ያቀረብነው ንግግር)



የዛሬው ርዕስ የመጣው ከቡና ላይ ነው። ባለፈው ወር የቁጠባውን ሒሳብ ዘግተን ቡና ስንጠጣ ወሬው እንደ ልማዱ ወደ አለቃ ዞረ። በልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራው እህታችን ስለ ተቆጣጣሪዋ፣ በትምህርት ቤት ወጥ ቤት የምትሠራው ስለ ርዕሰ መምህሩ፣ በቢሮ የምንውለው ደግሞ ስለ ክፍል ኃላፊዎቻችን አወራን። ቡናው በረካ እስኪደርስ ድረስ አንድም ጥሩ አለቃ አልተገኘም። በመጨረሻ አንዲት እናታችን ስኒያቸውን አስቀምጠው፣ “ለመሆኑ እናንተ የምትሉት አለቃ ተፈጥሮ ያውቃል?” ብለው ጠየቁን። ሁላችንም ሳቅን።

ኮሚቴው ግን ጥያቄውን በሳቅ አላለፈውም። በሒሳብ ሥራ የምንተዳደር አባላት ተነጋግረንበት ለዛሬው ስብሰባ እንድናቀርብ አዘዘን። በሚቀጥለው ወር የራሳችንን ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ እንመርጣለን። ሰው ከመምረጣችን በፊት መለኪያችንን ብናውቀው ይበጃል ተብሎ ነው።

በልባችን ያለው አለቃ

መጀመሪያ ያደረግነው ቀላል ነገር ነው። ወረቀት ተካፍለን፣ “ጥሩ አለቃ ማለት…” የሚለውን ዐረፍተ ነገር እያንዳንዳችን እንድንጨርስ ተስማማን። ስም አልጻፍንበትም። ሰብስበን ስናነበው ብዙው ተመሳሳይ ነበር፦ የሠራተኛ ችግር የሚገባው፣ ሥራውን የሚያውቅ፣ የማያዳላ፣ ቃሉን የሚጠብቅ፣ ቀድሞ የሚገባና ኋላ የሚወጣ። እስከዚህ መልካም ነው። ከዚያ በታች የተጻፉት ግን አስገረሙን። “የሚፈራ”፣ “ድምፁ የሚሰማ”፣ “ሲገባ ቢሮው ጸጥ የሚል”፣ “ግርማ ሞገስ ያለው” የሚሉ ነበሩ። በአንድ ወረቀት ላይ “የሚያዝንልን” እና “የሚያንቀጠቅጥ” ጎን ለጎን ተጽፈው አገኘን።

ሌላም ነገር አስተዋልን። “የምታውቅ”፣ “የማታዳላ” ብላ በሴት የጻፈች አንዲት እንኳ አልነበረችም። ቋንቋችን በጠቅላላው ሲናገር በወንድ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኛም መጀመሪያ እንደዚያ ብለን ነበር። ዝቅ ብለን እርስ በርስ ስንጠያየቅ ግን፣ ስንጽፍ በዓይናችን የመጣብን ሰው ኮት የለበሰና ድምፀ ወፍራም ወንድ እንደነበር ተማመንን።

ይህን ጉዳይ ያጠኑ ሰዎች አሉ። አሜሪካዊው ሮበርት ሎርድና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው አንድን ሰው “መሪ ነው” የሚለው አስቀድሞ በአእምሮው ካስቀመጠው የመሪ ምሳሌ ጋር እያመሳከረ መሆኑን አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ ሊን ኦፈርማንና ባልደረቦቿ እዚያው አሜሪካ ሰዎች ስለ መሪ በአእምሯቸው ያለውን ሰብስበው በ8 ወገን ከፈሉት። እነዚህም አሳቢነት፣ ለሥራ መትጋት፣ ጨቋኝነት፣ ሰውን የመሳብ ኃይል፣ የመልክና የአለባበስ ማማር፣ ወንድነት፣ ብልህነትና ብርታት ናቸው። ጨቋኝነትና ወንድነት ከአሳቢነት ጋር በአንድ መዝገብ ሰፍረዋል። የእኛም ወረቀት ከዚህ አልራቀም።

ከእነርሱ በኋላ ኦልጋ ኤፒትሮፓኪና ሮቢን ማርቲን እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ሠራተኞችን በተለያየ ጊዜ እየጠየቁ በልባቸው ያለውን አለቃና በሥራ ላይ ያለውን አለቃ አነጻጸሩ። ሁለቱ በተቀራረቡ መጠን ሠራተኛው ከአለቃው ጋር ያለው ግንኙነት ያምራል። ግንኙነቱ ሲያምር ደግሞ በሥራው ይረካል፣ ለመሥሪያ ቤቱ ይቆረቆራል፣ ጤንነት ይሰማዋል። እንግዲህ ይህ የልብ ሥዕል ቀላል ነገር አይደለም። ጠዋት ተነሥተን ወደ ሥራ ስንሄድ እግራችን እንዲቀልልን ወይም እንዲከብደን የሚያደርግ ነው።

ይህን ሥዕል ማን ሣለብን? ማንም አስቀምጦ አላስተማረንም። ሲገባ ልጆች ጸጥ የሚሉለት አባት፣ ሰልፍ ላይ አለንጋ ይዞ የሚቆም ርዕሰ መምህር፣ ማኅተም ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ “ነገ ተመለሺ” የሚል የቀበሌ ሹም፣ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ቀለም ጨመሩበት። ተረቱም አለ። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” እየተባለ አድገናል። “ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ” ሲባልም ሰምተናል። ዛሬ ይህን ተረት የሚናገርብን ቢኖር እንቆጣለን። ነገር ግን አንዲት ሴት ሥራ ስታሳምር “እሷ እኮ ወንድ ናት!” ብለን የምናመሰግነው እኛው ነን።

ያለፉን አለቃ

አሁን የምንነግራችሁ በራሳችን ላይ የደረሰ፣ ይልቁንም እኛ ያደረስነው ነው። ከመካከላችን ሦስታችን በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል አብረን ሠርተናል። የመሥሪያ ቤቱ ስም ለዚህ ነገር አያስፈልግም።

ዘመኑ 2011 ዓ.ም. ነበር። በጥቅምት ወር ከ20ዎቹ ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች ሆነው ተሾሙ። በዚያው ወር ወይዘሮ ሣህለወርቅ ዘውዴ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ። እኛም በቢሮው ቴሌቪዥን ዙሪያ ቆመን አጨበጨብን፣ እልልም ያልን ነበርን። በዚያ ሰሞን የእኛም ክፍል ኃላፊ ተቀይረው አንዲት ሴት ተመደቡልን። ቴሌቪዥኑ ሲዘጋ ወደ ወንበራችን ተመልሰን ያልነው ግን፣ “ሴት አለቃ አትመችም” ነው።

ከእሳቸው በፊት የነበሩት ኃላፊ ይጮኹ ነበር። ይጮኹና ይፈርማሉ። ቆራጥ ናቸው እንል ነበር። አዲሷ ኃላፊ አይጮኹም፤ ድምፃቸውም ዝቅ ያለ ነው። ደረሰኝ ያልተያያዘበት የወጪ ማዘዣ ሲቀርብላቸው ወደ እኛ ይመልሱታል፣ “ሲሟላ አምጡት” ብለው። ያልተወራረደ ቅድሚያ ክፍያ ላለበት ሰው ሌላ አይፈቅዱም። እኛም “መወሰን ያስፈራታል” አልን። አንድ ሒሳብ ይዘን ስንገባ፣ “ይህ ቁጥር ከየት መጣ? እስቲ አስረዱኝ” ይላሉ። በኮሪደሩ ላይ፣ “ሴትዮዋ እኮ አታውቅም” ተባባልን። ዛሬ “እሳቸው” እንላለን፤ ያን ጊዜ ግን “ሴትዮዋ” ነበር የምንላቸው።

ሰኔ ደረሰ። ሒሳብ ክፍል የሠራችሁ ሰኔ 30 ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። የበጀት ዓመቱ ይዘጋል፣ ወረቀቱ ይቆለላል፣ ሰው ቤቱን የሚያየው ለመኝታ ብቻ ነው። እሳቸው ኮታቸውን አውልቀው ከእኛ ጋር ተቀመጡ። ማዘዣውን ከሌጀር ጋር አንድ በአንድ እያመሳከሩ እስከ ምሽት ይቆያሉ። ሻዩንም ከኪሳቸው ያስመጡልን ነበር። እኛ ይህን አይተን ምን አልን? “አለቃ ሆና ቫውቸር ትለቅማለች፤ ራሷን አዋረደች።”

የዚያ የሰኔ ትርፍ ሰዓት አልተከፈለንም። ያኔ ፍርዳችን ተጠናቀቀ። “ከበላይ ጋር መጋፈጥ አትችልም፤ ወንድ ቢሆን ያስከፍለን ነበር” አልን። ሠራተኛው ስለ ኃላፊው አስተያየት የሚሰጥበት ቅጽ ሲመጣ፣ በመወሰን ችሎታ ዝቅተኛውን ነጥብ ሰጠናቸው። በተሰሚነትም እንዲሁ። ሦስታችንም። ከዓመት በኋላ ከኃላፊነት ተነሥተው ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ። የሠራተኛው አስተያየት ከምክንያቶቹ አንዱ እንደነበር ሰማን።

በእሳቸው ቦታ የመጡት ድምፃቸው የሚሰማ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ወር “አሁን አለቃ አገኘን” አልን። ዓመቱ ሲያልቅ ያልተወራረደው ቅድሚያ ክፍያ ተከምሮ ነበር፤ ኦዲተሮች የጻፉትም ግኝት ረጅም ነበር። ለእያንዳንዱ ግኝት ማብራሪያ ጻፉ የተባልነው እኛ ነን።

ለዚያ ማብራሪያ ሰነድ ስንፈልግ ነው ያንን ቦክስ ፋይል የከፈትነው። ውስጡ የሦስት ደብዳቤ ቅጂ ተገኘ። ሦስቱም የተጻፉት በእሳቸው ፊርማ ነው፤ የሰኔው ትርፍ ሰዓት እንዲከፈለን የሚጠይቁ ናቸው። ከመጀመሪያው ሥር “በጀት የለም” የሚል መልስ ተያይዟል። ሁለተኛው ያንን መልስ ተቃውሞ የተጻፈ ነው። በሦስተኛው ላይ የእያንዳንዳችን ስምና የሠራንበት ሰዓት በዝርዝር ሰፍሯል። ከመካከላችን አንዲቷ ወረቀቱን ይዛ ቁጭ አለች። ማንም ምንም አልተናገረም።

ከጊዜ በኋላ አንድ ለቅሶ ቤት አገኘናቸው። ከተቀመጥን በኋላ አላስቻለንም። “ስለ ትርፍ ሰዓቱ መጻፍዎን ለምን አልነገሩንም?” አልናቸው። “ያልተፈቀደ ነገር ነግሬ በባዶ ተስፋ እንዳላቆያችሁ ብዬ ነው” አሉ። ቆየት ብለውም፣ “እናንተስ ለምን አልጠየቃችሁኝም?” አሉን። መልስ አልነበረንም።

ማስታረቅ

እህቶች፣ ይህን የነገርናችሁ ለንስሐ ብቻ አይደለም። ከሙያችን የምናካፍላችሁ አንድ ነገር ስላለ ነው።

በየወሩ መጨረሻ የባንክ ማስታረቂያ እንሠራለን። በእኛ ሌጀር ያለው ቀሪ ገንዘብና ባንክ የሚልክልን መግለጫ ብዙ ጊዜ እኩል አይመጡም። ልዩነት ስላየ ብቻ ተነሥቶ “ባንኩ ሰረቀ” የሚል ሒሳብ ሠራተኛ የለም። መጀመሪያ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ይፈለጋል። የጻፍነው ቼክ ገና አልተመነዘረ ይሆናል። ገቢ ያደረግነው ባንክ ዘንድ ገና አልተመዘገበ ይሆናል። ባንክ የቆረጠውን የአገልግሎት ክፍያ እኛ አልጻፍን ይሆናል። አንዳንዴም ስሕተቱ የገዛ እጃችን ነው። 540 ብለን መጻፍ ሲገባን 450 ጽፈን እንገኛለን። ልዩነቱ 90 ነው፤ ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ልዩነት ለ9 ሲካፈል የሒሳብ ሰው በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ቁጥር አገላብጦ መጻፉን ነው፣ ማለትም የራሱን ብዕር። በመጨረሻ የእኛ ስሕተት በእኛ መዝገብ ይታረማል፣ የባንኩ ስሕተት ለባንኩ ይነገራል።

በልባችን ባለው አለቃና በቢሮ ባለው አለቃ መካከል ያለውን ልዩነትም እንዲህ ማስታረቅ ነበረብን። እኛ ግን ልዩነቱን ሁሉ በአንድ ሰው ሒሳብ ጻፍነው።

የእሳቸውን ሒሳብ ዘግይተንም ቢሆን እናስታርቅ። መጠየቃቸውን አለማወቅ ብለን የጻፍነው የእኛ ስሕተት ነው። በዚያ ጥያቄ ምክንያት ዛሬ እያንዳንዳችን ስለ ሥራችን ቆመን ማስረዳት እንችላለን። አለመጮኻቸውን ድክመት ማለታችንም የእኛ ስሕተት ነው። ደብዳቤዎቹ ገቢ ተደርገው በእኛ መዝገብ ያልደረሱ ገንዘብ ነበሩ። ነገር ግን በእሳቸውም በኩል የሚታረም ነበር። የሠሩልንን አልነገሩንም። የአንዲት ባልደረባችን የዓመት ፈቃድ ጥያቄ ጠረጴዛቸው ላይ ሳምንታት ቆይቶ የእህቷ ሠርግ አለፈ። ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው፤ ቀርበን ልንነግራቸው ይገባ ነበር። እኛ ግን ፊት ለፊት “እሺ” እያልን ቆይተን በቅጽ ላይ ፈረድን።

ሴት አለቃ ስትሆን የሚሰፋ ልዩነትም አለ። ቨርጂኒያ ሻይን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመችው ጥናት፣ ወንድ ሥራ አስኪያጆች ስለ ጥሩ ሥራ አስኪያጅ የሚሉት ስለ ሴት ከሚሉት ይልቅ ስለ ወንድ ከሚሉት ጋር የሚመሳሰል መሆኑን አሳየች። ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ ለሴት ሥራ አስኪያጆች አቀረበች። የእነርሱም መልስ ወደዚያው ያጋደለ ሆነ። እንግዲህ ሥዕሉ በሴትም ልብ ተሰቅሏል። አንዲት ሴት ዝቅ ብላ ስትናገር “አትችልም”፣ ከፍ አድርጋ ስትናገር “ባለጌ ናት” የምንላት ለዚህ ነው። በየትኛውም በኩል ሒሳቧ አይዘጋላትም።

ይህን ስንል ግን ሁሉን ቻሉ ማለታችን አይደለም። የሥዕል ልዩነት አንድ ነገር ነው፤ ሕግ መጣስ ሌላ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ጾታዊ ትንኮሳን ይከለክላል። ለምትወልድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣል። ይህን የሚነፍግ አለቃ ቢያሳዝነን ባያሳዝነን፣ ግርማ ሞገስ ቢኖረው ባይኖረው፣ የምናስታርቀው ነገር የለም። ለሚመለከተው አካል ማመልከት ነው። እንዲያውም ፈርተን በልባችን “ቆራጥ ነው” ብለን ያከበርናቸው አንዳንዶቹ እንዲህ ያሉት ናቸው።

እኛም አለቆች ነን

ስንነጋገር አንዲት እህታችን ሁላችንን ዝም ያሰኘ ነገር አነሣች። “እኛ ሠራተኛ ሆነን ይህን ሁሉ ካልን፣ ቤታችን ያለችውስ?” አለች። ቢሮ የምንውል ብዙዎቻችን ልጅ የምትይዝልንና እንጀራ የምትጋግርልን ልጅ ቀጥረናል። እሷም በልቧ ያለች እመቤት አለቻት። በየቀኑ ትለካናለች። የአለቃችንን ቁጣ ይዘን ገብተን ወጥ አረረ ብለን ስንጮኽባት፣ የሰኔን ትርፍ ሰዓት እያማረርን እሷን እስከ አራት ሰዓት ሌሊት ስናቆማት ትመዘግባለች። ያልነው አዋጅ እንኳ የቤት ሠራተኛን ጉዳይ ለሌላ ደንብ ትቶታል። ስለዚህ ለእሷ የሚቀረው መከላከያ በአብዛኛው የእኛ ሕሊና ነው።

ከመካከላችን በቤይሩትና በጅዳ በሰው ቤት ሠርተው የተመለሱ እህቶች አሉ። ጥሩ እመቤት ማለት ምን እንደሆነ እነርሱን ጠይቀናቸው ነበር። መልሳቸው ስለ ግርማ ሞገስ አልነበረም። “ደመወዜን በቀኑ የምትሰጠኝ፣ በስሜ የምትጠራኝ፣ ስታመም የምታስተኛኝ” አሉ። ከሁላችን ወረቀት ይልቅ ይህ አጭር መልስ ጠቀመን።

ወደ ምርጫችን እንመለስ። በሚቀጥለው ወር ዕጩዎች ሲቀርቡ “ትናገራለች”፣ “ትፈራለች”፣ “ቁመና አላት” እያልን ልንመርጥ እንችላለን። ኮሚቴውም ምርጫው ካለቀ በኋላ እንደ ልማዱ ቡና ላይ ይታማል። እኛ ግን ሦስት ነገር እንድንስማማ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ስለ ዕጩዋ ስንናገር የሠራችውን እንናገር። ብድር በወቅቱ መልሳለች ወይ? የተሰጣትን ኃላፊነት ተወጥታለች ወይ? ስትሳሳት አምናለች ወይ? ሁለተኛ፣ “ወንድ ቢሆን ይህን እንለው ነበር ወይ?” ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። ሦስተኛ፣ የተመረጠችዋ በየሦስት ወሩ የሠራችውንና የሞከረችውን፣ ያልተሳካውንም ጭምር ትንገረን። እኛም ቅሬታችንን በዚያው ዕለት ፊት ለፊት እንንገራት። ደብዳቤ ፋይል ውስጥ ተደብቆ፣ ሐሜትም ኮሪደር ላይ ተደብቆ እንዳይቀር።

የምትደግፉን ወዳጆቻችን፣ እናንተም የምትልኩት ገንዘብ በማን እጅ እንዳለ ማወቅ ትፈልጋላችሁ፤ ተገቢ ነው። በሪፖርታችን ላይ የምታዩት ድምር ትክክል እንዲሆን የምንጥረውን ያህል፣ እርስ በርሳችን በምንሰጠው ፍርድም ትክክል ለመሆን እየሞከርን መሆናችንን እንድታውቁልን እንወዳለን።

ያቺን ጥያቄ የጠየቁን እናታችን ዛሬም እዚህ አሉ። እማማ፣ መልሳችን ይህ ነው፦ የምንፈልገው አለቃ ገና አልተፈጠረም። ያሉት ግን እኛ ካሰብነው ብዙዎቹ የተሻሉ ነበሩ፤ አንዷን በገዛ እጃችን አጥተናታል። በሚቀጥለው ወር ሌላዋን እንዳናጣ እንጠንቀቅ።

ቡናው ደርሷል።